የዘይት ጠብታው ሣጥን በአዲስ አበባ ከፍታ፦ የኤሌክትሮንን ቻርጅ መለኪያ የማስተማሪያ መሣሪያ ግምገማ

የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንደ እህል ፍሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ የሚቆጠር መሆኑን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ለተማሪ መንገር ቀላል ነው፤ ተማሪው ግን ለፈተና በቃሉ ይይዘዋል እንጂ ከልቡ አያምነውም። በቤተ ሙከራ ካስተማርኩባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይህን እምነት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያሳድር የቻለ አንድ ብቻ አግኝቻለሁ፤ እርሱም ለማስተማሪያ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራው የሚሊካን የዘይት ጠብታ መሣሪያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ለአምስት ዓመታት ተጠቅመንበታል። ለመግዛት ያሰቡ መምህራን ስለሚጠይቁኝ፣ ጥሩውንም ጉድለቱንም እዚህ አስቀምጣለሁ። የዚህ ዓይነት መሣሪያ በተለያዩ ኩባንያዎች የሚሠራና አሠራሩም እምብዛም የማይለያይ ስለሆነ አምራቹንና ሻጩን በስም አልጠቅስም።

መሣሪያው በአንድ መካከለኛ ካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ዋናው አካል ባለ ሦስት እግር መድረክ ላይ የተተከለ አነስተኛ ክፍል ሲሆን፣ በውስጡ ሁለት ክብ የናስ ዝርግ ሰሌዳዎች በፕላስቲክ ቀለበት ተለያይተው አንዱ ከሌላው በላይ ተቀምጠዋል። በእኛ መሣሪያ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 7.6 ሚሊሜትር ነው። በላይኛው ሰሌዳ መሐል መርፌ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች፤ ዘይቱ በሽቶ መርጫ መሰል ዕቃ ሲረጭ ከብናኙ ጥቂቱ በዚህች ቀዳዳ ወደ ታች ይወርዳል። ከጎን አነስተኛ መብራት ያበራል፣ ከፊት ደግሞ መስመር የተሰመረበት ማይክሮስኮፕ አለ። ለሰሌዳዎቹ እስከ 500 ቮልት የሚሰጥ የኃይል ምንጭና ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን የሚያቀያይር ማብሪያ ማጥፊያም አብረው ይመጣሉ። የውስጡን ሙቀት የሚለካ ዳሳሽ ስላለው በየሩብ ሰዓቱ ቴርሞሜትር ከማስገባት አድኖናል።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጽ። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ጠብታዋ በክብደቷ ትወርዳለች፤ የአየሩ ግጭት ወዲያው ስለሚይዛት የምትወርደው በማይለዋወጥ ፍጥነት ነው፣ ከዚያም ፍጥነት መጠኗ ይታወቃል። ኤሌክትሪኩ ሲበራ ቻርጅ ያላት ጠብታ ወደ ላይ ትወጣለች፤ የመውጫና የመውረጃ ፍጥነቷ ተደምረው ከቻርጇ ጋር ቀጥተኛ ዝምድና አላቸው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ አንዲት ጠብታን በዓይን ይዞ በሁለት መስመሮች መካከል ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት መመዝገብ ነው። ሮበርት ሚሊካንና ተማሪው የነበረው ሃርቪ ፍሌቸር እ.ኤ.አ. በ1909 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ይህንኑ ነበር። በመጀመሪያ ይጠቀሙበት የነበረው ውኃ በመብራቱ ሙቀት ቶሎ እየተነነ ስላስቸገረ ነው ወደ ዘይት የተዛወሩት፤ ከመሣሪያው ጋር በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣው ዘይት የዚያ ውሳኔ ውርስ ነው።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ ልውሰዳችሁ፤ የመሣሪያው ዋጋ የሚታወቀው እዚያ ነውና። መርጫው አንዴ ሲጨመቅ በጨለማው መስክ ውስጥ ብዙ ነጫጭ ነጥቦች ይፈስሳሉ። አብዛኞቹ እጅግ ትልልቅ ስለሆኑ ቶሎ ወርደው ይጠፋሉ። ለልኬት የሚሆነው ዝግ ብሎ የሚሄደው ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ለመውረድ 15 ሰከንድ ያህል የሚፈጅበት። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ እንዲህ ያለች ጠብታ ይዛ ከሃምሳ ደቂቃ በላይ ሳትለቅ ተከታትላታለች። ጠብታዋ ግማሽ ሚሊሜትሩን በ16 ሰከንድ ገደማ ትወርዳለች፤ በ500 ቮልት ደግሞ በ12 ሰከንድ ትወጣለች። ተማሪዋ ይህንኑ ሰባት ጊዜ ደጋግማ ከለካች በኋላ፣ አየሩን በትንሹ አዮን የሚያደርገውን (ማለትም ለአየሩ ሞለኪውሎች ቻርጅ የሚሰጠውን) ዘንግ ለአፍታ ከፈተችው። ቀጣዩ መውጣት 4.3 ሰከንድ ብቻ ፈጀ። ከማይክሮስኮፑ ዓይኗን ሳትነቅል «መምህር፣ ዘለለች!» አለችኝ። እንደገና ከፈተችው፤ አሁን 2.6 ሰከንድ ሆነ። የመውረጃው ጊዜ ግን ያው 16 ሰከንድ ነው፤ ጠብታዋ አልተለወጠችም፣ የተለወጠው የተሸከመችው ቻርጅ ብቻ ነው።

ከዚያ በሰሌዳው ላይ ሒሳቡን አብረን ሠራን። የመውረጃውና የመውጫው ፍጥነት ድምር በመጀመሪያው 0.073፣ በሁለተኛው 0.148፣ በሦስተኛው 0.224 ሚሊሜትር በሰከንድ ወጣ። ይህ ከልኬት ስሕተት ጋር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ነው። በመካከል አንድ ተኩል የለም፤ አንድ ከሩብም የለም። ተማሪዎቹ በዚያ ክፍለ ጊዜ ከቆጠሯቸው ዝላዮች ሁሉ አንዱም ከዚህ ደረጃ ውጭ አልወደቀም። የአየሩ ዝልግልግነት፣ የዘይቱ ጥግግትም ሆነ የሰሌዳዎቹ ርቀት ሳይታወቅ እንኳ ይህ የእርከን ሥርዓት ከሩጫ ሰዓቱ ብቻ ይወጣል። በእኔ ግምት የመሣሪያው ትልቁ ዋጋ ይህ ሆኖ ሳለ፣ አብሮት የሚመጣው መመሪያ ዝላዩን «ተጨማሪ ሙከራ» ብሎ በመጨረሻው ገጽ ላይ ማስቀመጡ ያሳዝነኛል። መጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው እርሱ ነበር።

ቁጥሩን በቻርጅ መለኪያው አሃድ በኩሎም ለማውጣት ሲሞከር ግን ከባዱ ቅሬታዬ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የትምህርት ዓመታት የተማሪዎቻችን አማካይ ውጤት ሁልጊዜ ወደ 1.71 × 10⁻¹⁹ ኩሎም ይጠጋ ነበር። ትክክለኛው 1.602 × 10⁻¹⁹ ስለሆነ ልዩነቱ ሰባት በመቶ ያህል ነው። ስሕተቱ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ቢል ኖሮ የሰዓት አያያዝ ነው ብለን እናልፈው ነበር፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ ነበር የሚያጋድለው። የቀለበቱን ውፍረት በማይክሮሜትር ደጋግመን ለካን፣ ቮልቴጁን በሌላ ሜትር አረጋገጥን፣ መድረኩን በውኃ ልክ አስተካከልን፣ ዘይቱን መዘንን። አንዳቸውም ጥፋተኛ አልነበሩም። ለሻጩ በኢሜይል ስንጽፍለት የተሰጠን መልስ ተማሪዎቹ የበለጠ ልምምድ እንደሚያስፈልጋቸው የሚገልጽ ነበር፤ ይህ መልስ ዛሬም ቅር ያሰኘኛል፣ ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረምና።

መፍትሔው የተገኘው ከጎረቤት ክፍል ነው። የሙቀት ቤተ ሙከራ ተማሪዎች የውኃን መፍያ ነጥብ እየመዘገቡ ነበርና 93 ዲግሪ ገደማ ብለው ሲጽፉ አየሁ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ ከመቶ ዲግሪ በታች የሚፈላው የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በባሕር ጠለል 101.3 ኪሎፓስካል የሆነው ግፊት እዚህ ወደ 77 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ተመልሼ ከመሣሪያው ጋር የመጣውን የስሌት ፋይል ስከፍት፣ የአየር ግፊት የሚለው ሳጥን አስቀድሞ በ101.3 ተሞልቶ አገኘሁት። መመሪያው ግፊቱ እንደሚያስፈልግ በቀመሩ ውስጥ ያሳያል፤ ከፍ ባለ ቦታ ያለ ሰው ይህን ቁጥር መቀየር እንዳለበት የሚያስጠነቅቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን የለውም።

ግፊቱ ለምን ይህን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ መረዳት ይገባል። ለልኬት የምንመርጣት ጠብታ ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ ሬዲየስ ያላት ስለሆነች አየሩ ለእርሷ እንደ ማር ያለ ያልተቋረጠ ፈሳሽ አይደለም፤ በተናጠል የሚገጩ ሞለኪውሎች ስብስብ ነው። አንድ የአየር ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ የሚጓዘው ርቀት በባሕር ጠለል 0.07 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ እዚህ ከፍታ ላይ ወደ 0.09 ይደርሳል። ጠብታዋ በሞለኪውሎቹ መካከል ሾልካ የመውረድ ዕድሏ በዚያው መጠን ይጨምራል። ፈጥና ስለወረደች ስሌቱ ከእውነቱ የበለጠች ትልቅ ናት ይላታል፤ ትልቅ ናት ከተባለች ደግሞ እርሷን ለማንሳት የበለጠ ቻርጅ ያስፈለገ ይመስላል። ሰባቱ በመቶ የመጣው ከዚህ ነው። ቁጥሩን ወደ 77 ቀይረን የሁለቱን ዓመታት መዝገብ እንደገና ስናሰላ አማካዩ ወደ 1.60 እና 1.61 ወረደ። የእነዚያ ተማሪዎች ልኬት ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር፤ ለአብዛኞቹ ይህን ጽፌ አሳውቄአቸዋለሁ።

ሚሊካን ራሱ የተሳሳተው በአየሩ መሆኑን ሳስብ ይህ ጉድለት ብዙም አያስደንቀኝም። እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው ቁጥር ዛሬ በምንጠቀምበት መለኪያ 1.592 × 10⁻¹⁹ ኩሎም ይሆናል፤ ከትክክለኛው በግማሽ በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ምክንያቱም የአየርን ዝልግልግነት ዝቅ ያለ ዋጋ ሰጥቶት ስለነበር ነው። የግፊቱን ማስተካከያ ግን ጠብታዎቹን በተለያየ ግፊት ውስጥ እያስቀመጠ በጥንቃቄ ነበር ያወጣው። በሥራው እ.ኤ.አ. የ1923ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የላቦራቶሪ ደብተሮቹ በኋላ ሲመረመሩ ግን በጽሑፉ ውስጥ ካወጣቸው 58 ጠብታዎች ሌላ የተዋቸው ብዙ ልኬቶች እንደነበሩ ታይቷል፤ ጽሑፉ ግን ምንም እንዳልተመረጠ ይናገር ነበር። የተዋቸው መልሱን የሚለውጡ ባይሆኑም፣ ተማሪዎቼ ያልተሳካ ጠብታን ሰርዘው እንዳይጥሉ ይልቁንም ምክንያቱን ከጎኑ እንዲጽፉ የማደርገው በዚህ የተነሳ ነው። ለዚህ መሣሪያ ተጠቃሚ ይህ ከቁጥሩ የማያንስ ትምህርት ነው።

ሌሎቹን ጉድለቶች ባጭሩ ልለፍ። የመርጫው ጫፍ በዘይት ይደፈናል፤ ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ በአልኮል ካልታጠበ በሳምንቱ ምንም አይረጭም። በላይኛው ሰሌዳ ላይ ያለችው ቀዳዳም እንዲሁ ትደፈናለች። መብራት በሄደ ቁጥር የተያዘችው ጠብታ ወርዳ ስለምትጠፋ፣ ለአንድ ሰዓት የተደከመባት ልኬት ከንቱ ይሆናል፤ እኛ የኃይል ምንጩን ለኮምፒዩተር በሚያገለግል ባትሪ ላይ ሰክተነዋል፣ ፍጆታው ትንሽ ስለሆነ በሚገባ ይበቃዋል። ከዓይን ድካም ለመዳን በማይክሮስኮፑ ላይ ካሜራ መግጠም ይቻላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዋን ጠብታ እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ዓይን እንዲያያት አጥብቄ እመክራለሁ፣ በስክሪን የታየ ነጥብ ያንን ስሜት አይሰጥም። አየሩን አዮን የሚያደርገው ዘንግ በውስጡ እጅግ አነስተኛ የቶሪየም ጨረር ምንጭ ይዟል። የሚያወጣው የአልፋ ጨረር በአንድ ወረቀት የሚታገድ ስለሆነ ሳይፈታ እስከተቀመጠ ድረስ አያሰጋም፤ ሆኖም ጨረር አመንጪ ስለሆነ ከማዘዝዎ በፊት የማስገቢያ ፈቃዱን ጉዳይ ይጨርሱ።

መብራቱን ግን ማመስገን አለብኝ። በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች የነበረው አምፑል ክፍሉን እያሞቀ አየሩን ያንቀሳቅስ ስለነበር ጠብታዎቹ ወደ ጎን ይንሸራተቱ ነበር። አሁን በኤልኢዲ ተተክቷል፤ ለሁለት ሰዓት ቢበራ እንኳ የውስጡ ሙቀት ከአንድ ዲግሪ በላይ ሲለወጥ አላየሁም።

መመሪያው የቻርጅን ምንነት የሚያብራራበት ክፍል ከሁሉ የደከመ ነው። «ከኤሌክትሮን ቻርጅ ያነሰ ቻርጅ በተፈጥሮ የለም» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል፤ ይህ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ እንዲህ በደፈናው ሊባል አይገባም። በዚያ ዓመት የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሙሬይ ጌል-ማንና ጆርጅ ዝዋይግ በየበኩላቸው ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ፕሮቶንና ኒውትሮን ከኳርኮች የተሠሩ ናቸው። «አፕ» የሚባለው ኳርክ ከኤሌክትሮኑ መጠን ሁለት ሦስተኛ የሚሆን ፖዘቲቭ ቻርጅ፣ «ዳውን» የሚባለው ደግሞ አንድ ሦስተኛ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ሁለት አፕና አንድ ዳውን ሲገናኙ ፕሮቶን ይሆናሉ፣ ድምሩም አንድ ይመጣል፤ አንድ አፕና ሁለት ዳውን ደግሞ ኒውትሮን ሆነው ድምሩ ዜሮ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1968 በካሊፎርኒያ ስታንፎርድ አጠገብ ባለው የቅንጣት ማፋጠኛ ኤሌክትሮኖች በፕሮቶን ላይ ሲተኮሱ በውስጡ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን አካላት መኖራቸው ታየ።

ታዲያ በዘይት ጠብታችን ላይ አንድ ሦስተኛ ዝላይ የማናየው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ተማሪ ያነሳዋል፤ መመሪያው ግን መልስ የለውም። ኳርኮችን የሚያያይዘው ኃይል በራቁ ቁጥር አይደክምም፤ አንዱን ነጥሎ ለማውጣት የሚወጣው ጉልበት አዲስ የኳርክ ጥንድ ይፈጥርና ከመለያየት በፊት ቻርጁ እንደገና ሙሉ ቁጥር ይሆናል። ይህ ጉዳይ በዚሁ በሚሊካን ዘዴ ተፈትኗል። በስታንፎርድ የነበረው ዊልያም ፌርባንክ በኒዮቢየም ኳሶች ላይ የአንድ ሦስተኛ ቻርጅ ምልክት አየሁ ቢልም ሌሎች ሊያረጋግጡለት አልቻሉም። በኋላ ማርቲን ፐርልና ባልደረቦቹ ካሜራና ኮምፒዩተር ባገዘው የዘይት ጠብታ መሣሪያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ጠብታዎችን መርምረው አንድም ነጻ ኳርክ አላገኙም። በጠረጴዛችን ላይ ያለው ሣጥን የዚያ ምርመራ ታናሽ ወንድም መሆኑን አምራቹ በመመሪያው ሊጽፍ ይገባው ነበር።

ከዚህ የጠለቀው ጥያቄ የፕሮቶን ቻርጅ ከኤሌክትሮኑ ጋር ለምን በትክክል እኩል ሆነ የሚለው ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ቅንጣቶች ናቸው፤ ፕሮቶን ወደ 1836 ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ የውስጥ አሠራር አለው፣ ኤሌክትሮን ግን እስከታየው ድረስ የለውም። ሆኖም የቻርጃቸው ልዩነት ቢኖር እንኳ ከ10²¹ አንድ ክፍል እንደማይበልጥ በልኬት ታውቋል። ዛሬ ባለው ንድፈ ሐሳብ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ቅንጣቶች (አፕ፣ ዳውን፣ ኤሌክትሮንና ቻርጅ የሌለው ኒውትሪኖ) ቻርጅ ሁሉ ሲደመር ዜሮ መምጣት አለበት። አፕና ዳውን እያንዳንዳቸው በሦስት ዓይነት «ቀለም» ስለሚመጡ ድምራቸው አንድ ይሆናል፤ ኤሌክትሮን አንድ ይቀንሳል፣ ኒውትሪኖ ምንም አይጨምርም። ይህ ሚዛን ቢፈርስ ስሌቱ እርስ በርሱ ይጋጫል። ፖል ዲራክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931 በዓለም ላይ አንድ እንኳ ነጠላ መግነጢሳዊ ዋልታ (ሰሜን ብቻ ወይም ደቡብ ብቻ የሆነ) ቢኖር ቻርጅ ሁሉ በእርከን መሆኑ ግድ እንደሚሆን አሳይቷል፤ እንዲህ ያለ ዋልታ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለዚህ ጥያቄ ሣጥኑ መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄውን ግን ከመጽሐፍ በተሻለ ይወልዳል፣ ለእኔም ይህ በቂ ነው።

ዋጋውን በሚመለከት፣ ለአንድ ትምህርት ክፍል ዓመታዊ በጀት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ተሰባሪ ዕቃ ስለሌለው ብዙ ዓመት ያገለግላል። ለዩኒቨርሲቲና ለመምህራን ማሠልጠኛ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምመክረው ቢያንስ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ በተከታታይ ሊሰጠው ለሚችል መምህር ብቻ ነው፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ጠብታ ተገኝታ፣ ተለክታ፣ ዘልላ አትጨረስም። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 20 ቀን 2019 ጀምሮ የኤሌክትሮን ቻርጅ 1.602176634 × 10⁻¹⁹ ኩሎም ተብሎ በስምምነት የተቆረጠ ስለሆነ ከዚህ መሣሪያ የሚጠበቀው አዲስ ቁጥር አይደለም፤ ስለዚህ ለተማሪዎች ነጥብ ሲሰጡ ለቁጥሩ ቅርበት ሳይሆን ለዝላዮቹ መዝገብ ቢሰጡ ይሻላል።

የሚያዝዝ ሰው ከመሣሪያው ጋር አንድ ባሮሜትር፣ ሁለት ትርፍ የመርጫ ጫፍና አንድ ትርፍ ጠርሙስ ዘይት አብሮ ይዘዝ። ባሮሜትሩ ካልተገኘ የአካባቢው የአየር ማረፊያ የሚመዘግበውን ግፊት መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ወደ ባሕር ጠለል ያልተቀየረውን፣ በቦታው የተለካውን ቁጥር መሆኑን አረጋግጡ። እኛ ይህን ቁጥር በየሳምንቱ በወረቀት ጽፈን ከኃይል ምንጩ አናት ላይ እንለጥፋለን፤ ትናንት የተለጠፈው 77.2 ይላል።